የሲናናው ቀይ ነበልባል

መቶ አለቃ ብዙነህ ከላንድሮቨሩ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው ሟቹን ሳይሆን የታሰረውን ሰው ነበር። ከተቃጠለው ቤት ፊት ለፊት ካለው የኮሶ ዛፍ ጋር በጠፍር ጠፍንገውታል። ፊቱ አብጧል፤ አንድ ዓይኑ ጨርሶ አይታይም። ጭቃ ሹሙ ዱላውን ተደግፎ አጠገቡ ቆሟል።

«ገዳዩን ይዘን ጠበቅንዎት» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ።

«ማነው እንዲህ የደበደበው?»

«ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሕዝቡ የት አለ? እኔ የማየው ያንተን ዱላ ነው። ፍታው!»

ጊዜው ነሐሴ 1961 ዓ.ም. ነው። ሟቹ ኦቦ ኢታና ይባላሉ፤ በቀኛዝማች አምደሥላሴ መሬት ላይ ሲያርሱ ያረጁ ጭሰኛ ናቸው። በሬ ረግጧቸው እግራቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ እንደ ወትሮው መጣል ሲጀምር፣ ቤታቸው ከውስጥ ተቀጣጠለ። መነሣት አልቻሉም። አሁን በጋቢ ተሸፍነው ከአጥሩ ሥር ተጋድመዋል። ጋቢው የተበደረ ነው፤ የራሳቸው ተቃጥሏል።

ልጃቸው ሲምቦ ከሬሳው ራስጌ ቆማለች። አላለቀሰችም። መቶ አለቃውን ያየችው፣ አባቷን ለመቅበር ሳይሆን ሊከስሳቸው የመጣ ሰው እንደምታይ ነው።

«ጉቱ አይደለም» አለች ገና ሳይጠይቃት። «በእሳቱ ውስጥ ገብቶ አባኮን፣ አባቴን፣ የጎተተው እሱ ነው። እጁን እዩት።»

ብዙነህ አየ። ከዛፉ የተፈታው የጉቱ መዳፎች ተልጠዋል።

«ባልዲ ይዞ ሲሮጥ ታይቷል» አለ ጭቃ ሹሙ። «ጋዝ ነው የያዘው። የጉቱ በሬ የኢታናን ገብስ በልቶ የተጣሉትም በቅርቡ ነው።»

ብዙነህ ባልዲውን አስመጥቶ አሸተተው። የጭቃና የውኃ ሽታ ብቻ ነው። ወደ ጉቱ ዞሮ በኦሮምኛ አናገረው፤ አያቱ ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ ቢሆኑም፣ እሱ ያደገው ሁለቱንም ቋንቋ እየተናገረ ነው።

«ያየኸውን ንገረኝ። አትፍራ።»

«ፍርሃቱንማ ትናንት ጨረስኩት» አለ ጉቱ። «ዝናቡ ሲጀምር ቤቴ ነበርኩ። ከኦቦ ኢታና ቤት ሺ... የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ምጣድ ላይ ውኃ ሲፈስ እንደሚለው። ከዚያ ጩኸታቸው መጣ። ስገባ ቆጡ እየነደደ ነው። ነበልባሉ ቀይ ነበር። ብጫ አይደለም፣ ቀይ! የበሬ ደም። ባልዲ ሙሉ ውኃ ደፋሁበት። ጌታዬ፣ በዋቃ ስም፣ ውኃው ሲነካው እሳቱ ዘለለ! ደገምኩ፤ ባሰበት። ውኃው ነው ያቃጠለው።»

ጭቃ ሹሙ ሳቀ።

«እንደገና ከሳቅህ» አለ ብዙነህ፣ «ከዛፉ ጋር የምታሰረው አንተ ነህ።»

መብረቅ እንደነበር ጎረቤቱን ጠየቀ። ማንም ነጎድጓድ አልሰማም። እቤቱ ውስጥ እሳት ነድዶ እንደነበር ሲምቦን ጠየቃት። ምድጃውን አጥፍታ፣ አመዱን አልብሳ ነው ጨው ለመግዛት ሮቤ የሄደችው። ብዙነህ ሱሪውን ሰብስቦ ፍርስራሹ ውስጥ ገባ። ቆጡ ከነገለባው ወድቋል። ከወደቀው ግንድ ሥር የኢናሜል ሳፋ አወጣ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጣቱ ፋቅ ቢያደርገው እንደ ሳሙና ተሙለጨለጨ፤ ወዲያው ቆዳውን ለበለበው። እየተራገመ በሱሪው ጠረገው።

«ይህ ሳፋ ምን ይሠራል ቆጥ ላይ?»

«ጣራው ያፈስሳል» አለች ሲምቦ። «የሚንጠባጠበው እዚያ ነው። ማታ ማታ ወጥቼ እደፋዋለሁ።»

«ትናንት ቤታችሁ የመጣ ሰው ነበር?»

«ጠዋት ደምመላሽ መጥቶ ነበር፤ የቀኛዝማች ልጅ። ለአባኮ ስኳር አመጣለት። ጣራው እንደሚያፈስስ ሲሰማ ቆርቆሮ አልብሳችኋለሁ ብሎ፣ በዚያ ንጹሕ ሱሪው ቆጡ ላይ ድረስ ወጥቶ አየ። ከዚያ ቤት ሰው ሆኖ የጠየቀን እሱ ብቻ ነው። ሾፌራቸው ማሜ ግን ባለፈው ሳምንት ትራክተሩን እበራችን ላይ አቁሞ፣ 'ካልወጣህ ቤትህን ከነነፍስህ አርሰዋለሁ' ብሎታል።»

«ለምን?»

ሲምቦ ወደ ሜዳው ጠቆመች። ከወንዙ እስከ ኮረብታው ድረስ የታረሰው መሬት እንደ ባሕር ተዘርግቷል። በመካከሉ የኢታና ማሳና የጥቂት ጎረቤቶቻቸው ጎጆዎች ቀርተዋል።

«አባኮ አልወጣም ስላለ ነዋ። እሱ ካልወጣ ሌሎቹም አይወጡም። ይህን ሳያውቁ ነው የመጡት?»

ያውቃል። ባሌ ውስጥ ያለ ፖሊስ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ዓመት ከስንት ቀዬ ባለመሬቶች ስንቱን ቤተሰብ ከነከብቱ ሲያስወጡ ከትራክተሩ ኋላ የቆሙት ፖሊሶች ናቸው። ብዙነህ ሳፋውን አንሥቶ ወደ መኪናው ሄደ።

*

ማሜን ሮቤ፣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘው። ሾፌሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ዝቻለሁ» አለ ማሜ ሳይለማመጥ። «ያዘዙኝን ነው የዛትኩት። ሰው ግን አላቃጥልም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ገሰራ መንገድ ላይ ነበርኩ። ትራክተሩ ከትናንት ወዲያ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ነው ያለው፤ ሞተሩም ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ገበሬዎቹ በበሬ ሲጎትቱት ውለው አቅቷቸው ሄዱ። ጠይቋቸው።»

ብዙነህ ሄዶ ጠየቀ። ትራክተሩ አፍንጫውን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ እዚያው አለ። በሬ የጠመዱት ሰዎች አንድ በአንድ መሰከሩ። ማሜ ከዚያ ፈቀቅ አላለም።

ሲለያዩ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መቶ አለቃ፣ እኔ እንኳ የማርስበትን ቀን ነበር የምጠላው። ሽማግሌው ሁልጊዜ እበሩ ላይ ተቀምጦ፣ 'ማሜ፣ ምሳ በልተሃል?' ይለኝ ነበር። ያን ሁሉ ከዛትኩበት በኋላም ከተኛበት ሆኖ ጠየቀኝ።»

*

ጎባ፣ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት። አለቃው ሻለቃ ተክለማርያም እስር ክፍል የገባውን የጉቱን ቃል ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ውኃ እሳት አነደደ? ይህን ነው ለጠቅላይ ግዛቱ የማቀርበው? ገበሬ ከገበሬ ተጣላ፣ አቃጠለው። ይፈርምና ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ።»

«በባልዲው ውስጥ ጋዝ አልነበረም። ሰውየው እሳት ውስጥ ገብቶ ሟቹን ጎትቷል።»

«ተጸጽቶ ይሆናላ!»

«ገራፊው ጭቃ ሹም ሳይጸጸት?»

«ብዙነህ፣ አፍህን ጠብቅ። ታዲያ ማን አቃጠለው? ቀኛዝማች አዲስ አበባ ናቸው። ሾፌሩ ገሰራ ነበር አልክ። ደምመላሽ ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ከማን ጋር ነበር? ካንተ ጋር! አብራችሁ ምሳ ስትበሉ እኔው ራሴ አይቻችኋለሁ።»

እውነት ነው። ትናንት ደምመላሽ ከሲናና መጥቶ ቢሮው ድረስ ገብቶ ምሳ ጋብዞት፣ ከዝናቡ በፊት ጀምሮ እስኪያባራ ድረስ ሆቴል ውስጥ አብረው ተቀምጠው ነበር። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም፤ ምስክሩ መርማሪው ራሱ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ደምመላሽ ገባ። አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረ፣ ቁመናው ያማረ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ወጣት ነው። ቀኝ እጁ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሏል።

«ሰምቼ ማመን አቃተኝ» አለ። «ጠዋት ስኳር አድርሼላቸው፣ ቆርቆሮ ቃል ገብቼላቸው... ለቀብሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ እችላለሁ።»

«እጅህ አልተሻለህም?» አለ ሻለቃው።

«የትራክተሩ ራዲያተር ነው። ትናንት ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ለበለበኝ። መቶ አለቃ ያውቃሉ፤ ምሳውን ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው።» ፈገግ አለ።

ብዙነህም ፈገግ ሊል አፉን ከፈተ። ፈገግታው ግን አልመጣለትም። ሞተሩ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልተነሣ፣ ገሰራ መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ትራክተር፣ ትናንት ጠዋት በምን እንፋሎት ሰው ይለበልባል?

ተነሥቶ ወጣ። መኪናው ውስጥ የተወውን ሳፋ በጋዜጣ ጠቀለለው።

*

የጎባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ዘይነዲን፣ ከነጩ ቅርፊት በሽቦ ጫፍ ጥቂት ነካ አድርጎ በአልኮል መብራቱ ነበልባል ላይ ያዘው። ሰማያዊው ነበልባል ባንዴ ደም ለበሰ።

መምህሩ ሽቦውን ከእጁ ጣለው።

«ወላሂ! ይህን ከየት አመጡት?»

«ከሞተ ሰው ቤት። ምንድን ነው?»

«የእንጨት አመድ ቢሆን ብጫ ይሆን ነበር። እንዲህ የሚቀላው ሊቲየም ነው። ሊቲየም ደግሞ በዚህ ከተማ የነበረው በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነው።» ዘይነዲን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ይባላል። አመድ የሚመስል ዱቄት ነው። እዚህ የነበረውን ጀርመናዊ ያስታውሱታል? አንገቱ ከሚባለው ጫካ ሥርና ቅርፊት እየለቀመ የሚመራመረውን?»

«አስታውሰዋለሁ።»

«የሱ ነው። ዱቄቱ ሃይድሮጂን ተሸክሟል። ሥራው የተሸከመውን ለሌላው ማስረከብ ነው። ጀርመናዊው ከዕፅዋቱ ያወጣውን አሲድ በዚህ ዱቄት ወደ አልኮል ይለውጠው ነበር፤ ኦክስጅኑን ይነጥቅና ሃይድሮጂን ይሰጠዋል። ሪዳክሽን እንለዋለን። በወጉ ከያዙት ድንቅ አገልጋይ ነው።»

«በወጉ ካልያዙትስ?»

«ጠላቱ ውኃ ነው። ውኃ ሲነካው ሃይድሮጂኑን ቀስ ብሎ አያስረክብም፤ ባንዴ ይለቀዋል። ይግላል፣ ጋዙም ይነድዳል። ስለዚህ የሚሠሩበት ጠብታ ውኃ በሌለው፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ዕቃው ሁሉ አስቀድሞ በሙቀት ይደርቃል። በላብ እጅ እንኳ ቢነኩት ያቃጥላል። እሳት ከተነሣ ደረቅ አሸዋ ነው የሚደፋበት። ውኃ ያፈሰሰበት ሰው...»

«እሳቱ ይዘልበታል» አለ ብዙነህ።

«ይዘልበታል። ማን ነገረዎት?»

«አንድ ዓይኑን ያጠፉት ገበሬ።» ብዙነህ ተነሥቶ በመስኮቱ አጠገብ ቆመ። ድምፁን ለማለስለስ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ቆርቆሮው አሁን የት ነው?»

«ጀርመናዊው ሲሄድ ዕቃውን ለትምህርት ቤቱ ተወልን። ይህን ግን ፈራሁት፤ ልጆች ያሉበት ቤት ነው። ደምመላሽ የጀርመናዊው ረዳት ስለነበር በዚህ ወር መጀመሪያ መጥቶ፣ 'እኔ አውቅበታለሁ፣ ወስጄ አስወግደዋለሁ' አለኝ። አልሐምዱሊላህ ብዬ ሰጠሁት።» መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «በእጄ ሰጠሁት፣ መቶ አለቃ።»

«አንተ ቆርቆሮ ነው የሰጠኸው» አለ ብዙነህ። «እኔ የምሳ ሰዓቴን ለምስክርነት ሰጥቼዋለሁ።»

አሁን ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየው። በነሐሴ ባሌ ውስጥ ከምሳ በኋላ እንደሚዘንብ ሕፃን ያውቃል። ደምመላሽ ጠዋት ቆጡ ላይ ወጥቶ፣ በሚያፈስሰው ቀዳዳ ሥር ባለው ሳፋ ውስጥ ዱቄቱን ገልብጦ፣ ገለባውን አስጠግቶ ወረደ። ከታች እግራቸው የተሰበረ ሽማግሌ ያመሰግኑታል፣ ይመርቁታል። ከዚያ ጎባ መጥቶ የፖሊስ መርማሪ አጠገብ ተቀምጦ ዝናቡን ጠበቀ። ምሳው ላይ ደጋግሞ ወደ ሰማይ ሲያይ ብዙነህ፣ «መንገዱ አሳስቦህ ነው?» ብሎት ነበር። «አዎ» ብሎታል።

ግን ይህን ማን ያምናል? ቆርቆሮውን ወንዝ ጣልኩት ቢል ተፈታ። የመምህሩን ደረጃ በሩጫ ወርዶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ተቆጥቶ ሄዶ ቢይዘው የሚያሸንፈው ደምመላሽ እንደሆነ ገብቶታል።

*

ቀኛዝማች አምደሥላሴ ከአዲስ አበባ በገቡ ማግስት፣ ሻለቃው ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻለቃው ከጠረጴዛው ኋላ፣ ቀኛዝማች በባለ ድጋፉ ወንበር ላይ፣ ደምመላሽ ከአባቱ ጎን። መምህር ዘይነዲን በሩ አጠገብ ቆሟል። ሲምቦንም ብዙነህ አስጠርቷታል፤ እንድትቀመጥ የጋበዛት ስለሌለ የራሱን ወንበር ሰጣት።

«ቶሎ በል» አሉ ቀኛዝማች። «ጭሰኛ ጭሰኛን ገደለ። እኛን ምን አስጠራን?»

«አንድ ነገር ላሳያችሁ ነው።» ብዙነህ የጠቆረውን ሳፋ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ከደምመላሽ ፊት አስቀመጠው። ጋዜጣውን ገለጠ። ውስጡ ግራጫ ዱቄት ተቆልሏል። «ይህ ከሟቹ ቆጥ ላይ የወደቀው ሳፋ ነው።»

ሻለቃው አንገቱን አስግጎ አየ። ቀኛዝማች አፍንጫቸውን ነፉ። ሲምቦ አልተነቃነቀችም። ደምመላሽ ግን መሐረቡን አወጣ።

«ጉቱ ውኃ ሲፈስስበት እሳቱ ዘለለ ብሏል» አለ ብዙነህ። ከመስኮቱ የውኃ ማሰሮውን አነሣ። «ሁላችንም ሳቅንበት። እስቲ እንየው።»

ማሰሮውን አዘነበለ።

«ተው! አታፍስሰው!»

ወንበር ወደቀ። ደምመላሽ አባቱን ገፍትሮ፣ መምህሩን ጥሶ፣ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከውጭ የቆመው ፖሊስ ደረቱን ይዞ መለሰው። ብዙነህ ውኃውን ጨርሶ አፈሰሰ። ዱቄቱ ጭቃ ሆነ። ምንም አልሆነም።

«የምድጃ አመድ ነው» አለ ብዙነህ። «ከቤቴ ያመጣሁት። ሻለቃ አልሸሹም፤ አመድ መስሏቸው ነው። አባትህም አልሸሹም። አንተ ምን መሰለህ፣ ደምመላሽ?»

ብዙነህ ባዶውን ማሰሮ መስኮቱ ላይ መለሰ።

«ስለ ሳፋው ሲምቦ ለማንም አልተናገረችም፣ እኔም አልተናገርኩም። ከእኔና ከመምህሩ ሌላ በውስጡ ምን እንደነበረ የሚያውቀው የጨመረው ሰው ብቻ ነው። መምህር ዘይነዲን የሰጠህን ቆርቆሮ ይናገራል። ማሜ የትራክተሩን ነገር ይናገራል። እጅህ ደግሞ ሻሹ ሲፈታ ይናገራል።»

የደምመላሽ ያ የለሰለሰ ድምፅ ጠፋ። «አንድ ሽማግሌ ነው!» ብሎ ጮኸ። «አንድ እግሩ የተሰበረ ሽማግሌ ያን ሁሉ እርሻ አንቆ ያዘ! ማሽኑ መጥቷል፣ ዘሩ መጥቷል፣ እሱ እበሩ ላይ ተቀምጦ ሾፌሬን ምሳ በልተሃል ይላል! ስንት ጊዜ ለመንነው? እሱ ካልሄደ ማንም አይሄድም!»

«ዝም በል!» አሉ ቀኛዝማች። ዘግይተዋል።

ሲምቦ ተነሣች። ወደ ደምመላሽ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ብዙነህ ልትመታው መስሎት አልከለከላትም።

«ስኳሩን በሻይ አፍልቼለት አባኮ ጠጥቶ ነበር» አለችው። «እኔ ልወጣ ስል፣ 'የዚህ ልጅ ልብ እንደ አባቱ አይደለም' አለኝ። ይህን እወቅ።»

ብዙነህ ሰንሰለቱን አወጣ። በተጠቀለለው እጅ ላይ ሲደርስ አላዘነለትም።

*

ደምመላሽን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። ጉቱ በዚያው ቀን ተፈታ፤ ዓይኑ ግን አልተመለሰለትም። ይቅርታ የጠየቀው የለም። ጭቃ ሹሙ ዱላውን እንደያዘ በሹመቱ ቀጠለ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ለብዙነህ ትእዛዝ ደረሰው፤ ፖሊሶች ይዞ ሲናና ወርዶ፣ የቀኛዝማች ትራክተር የኢታናን ማሳ ሲያርስ ጸጥታ እንዲያስከብር። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ፖሊሶቹን ጭኖ ሄደ።

ማሜ ትራክተሩ ላይ ነው። ሲምቦ፣ ጉቱና ጎረቤቶቻቸው ከማሳው ዳር ተሰልፈዋል። ሴቶቹ እንኳ ድንጋይ ይዘዋል። ቀኛዝማች ከመኪናቸው አልወረዱም።

ብዙነህ ፖሊሶቹን አሰማራ። ከመኪናው ችካልና ገመድ አውርደው፣ ከተቃጠለው ቤት ጀምረው እስከ ማሳው መጨረሻ ድረስ ዙሪያውን አጠሩት። ከዚያ ወደ ቀኛዝማች መስኮት ሄደ።

«ይህ የግድያ ወንጀል የተፈጸመበት ቦታ ነው። ምርመራው እስኪያበቃ ትራክተር አይገባበትም።»

«ቤቱ ነው የተቃጠለው! ይህ ሁሉ መሬት ምን አገባው?»

«እሳቱ ምን ያህል እንደተረጨ አላውቅም። እየመረመርኩ ነው።»

«መቼ ነው የምትጨርሰው?»

«ሲያልቅ።»

«ትከፍልበታለህ!» አሉ ቀኛዝማች።

«እከፍላለሁ» አለ ብዙነህ።

ማሜ ሞተሩን አጠፋው። ያዘዘው ሰው አልነበረም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሲምቦ ወደ ገመዱ ቀረብ አለች።

«መቶ አለቃ፣ የምርመራ ቦታ በበሬ ማረስ ይከለከላል?»

ብዙነህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ውስጥ ሌላ ነገር አየ፤ ምስጋና ግን አልነበረም። ምስጋናም አልፈለገም።

«ስለ በሬ የተጻፈ ነገር አላየሁም» አላት።

ሻለቃው ጠራው፤ ጮኸበት። ጠቅላይ ግዛቱ ጠራው፤ አስፈራራው። በየጊዜው፣ «ምርመራው አላለቀም» ብሎ ተመለሰ። ወደ ጠረፍ የሚወስደው የዝውውር ደብዳቤ የደረሰው በጥር ነው። በዚያን ጊዜ ሲምቦና ጉቱ ገብሱን አጭደው፣ ወቅተው ጎተራ አስገብተውታል።